ናስ በናስ መካከል

ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ኒኮላይ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ትሮምቦን መንፋት የጀመረው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። እስከዚያ ድረስ ሲምፎኒ ጽፏል፣ ኦፔራ ጽፏል፣ ከ1871 ጀምሮም በሴንት ፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶሪ ፕሮፌሰር ተብሎ ያስተምራል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው ግን የባሕር ኃይል መኮንንነት ነበር፤ አልማዝ በምትባል መርከብ ከሁለት ዓመት በላይ በባሕር ላይ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። በ1873 የባሕር ኃይል ሚኒስቴር የደንብ ልብሱን አስወልቆ በሲቪል ሹመት የባሕር ኃይል ባንዶች ተቆጣጣሪ አደረገው። ሥራው በየወደቡ እየዞሩ የባንዶቹን አጨዋወት፣ የመሪዎቹን ችሎታና የመሣሪያዎቹን ይዞታ መመርመር ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ደመወዙን እየተቀበለ ሪፖርት ይጽፍ ነበር። እሱ ግን ሄዶ ትሮምቦን፣ ክላሪኔትና ዋሽንት ገዛ፤ የጣት አቀማመጥ ሰንጠረዥ ፊቱ ላይ ዘርግቶም በበጋ ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ይለማመድ ጀመር። «የሙዚቃ ሕይወቴ ዜና መዋዕል» ብለን ልንተረጉመው በምንችለው መጽሐፉ ላይ እንደተረከው፣ ጎረቤቶቹ ወደዱም ጠሉም ከሩቅ ይሰሙት ነበር። ከፍ ያሉት ድምፆች አስቸገሩት፣ ተቀምጦ ለመለማመድም ትዕግሥት አጣ፤ ጥሩ ነፊ አልወጣውም። ያገኘው ነገር ግን ሌላ ነው፦ ከንፈር መቼ እንደሚዝል፣ ትንፋሽ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ የትኛው ድምፅ በቀላሉ እንደሚወጣና የትኛው ተለምኖ እንደሚመጣ በገዛ አካሉ አወቀ። በ1877 ለአንድ ትሮምቦንና ለወታደር ባንድ ኮንቼርቶ ሲጽፍ የሠራው በዚህ እውቀት ነው።

ለናስ መሣሪያ ሶሎ መጻፍ ለምን አካል ድረስ እንደሚወርድ ለመረዳት ትሮምቦኑን ራሱን እንየው። የተራው ትሮምቦን ቱቦ ተዘርግቶ ቢለካ 2.7 ሜትር ገደማ ነው። ስላይዱ ተዘግቶ ሲነፋ ቱቦው የሚሰጠው ሁሉንም ድምፅ አይደለም፤ ከንፈር በጠበቀና በላላ ቁጥር የሚገኙ የተወሰኑ ድምፆች ብቻ አሉ። ከታች ያሉት ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ክፍተቱን የሚሞላው ስላይዱ ነው። ሰባት ቦታዎች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በተሳበ ቁጥር ድምፁ ግማሽ ቶን ይወርዳል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመድረስ ክንድ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘረጋል፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ ደግሞ ከግማሽ ሜትር በላይ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፒያኖ ላይ ቢ ፍላትና ቢ ጎን ለጎን ናቸው፤ ጣት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል እንጂ አይሄድም ማለት ይቻላል። በትሮምቦን ዝቅተኛ ክልል ግን ቢ ፍላት የሚገኘው ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ነው፤ ከእሱ ግማሽ ቶን ብቻ ከፍ የሚለው ቢ ደግሞ በሰባተኛው ቦታ፣ ክንድ ተዘርግቶ ባለቀበት። ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የሚያቀናብር ሰው እነዚህን ሁለት ድምፆች እያፈራረቀ ፈጣን ሐረግ ቢጽፍ፣ ወረቀቱ ላይ ምንም ችግር አይታይም። ነፊው ግን ክንዱን ግማሽ ሜትር ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ይውላል። ክርስቲያን ሳትለር የተባለ የላይፕዚሽ ባለሙያ በ1839 በአውራ ጣት የሚከፈት ተጨማሪ ቱቦ ፈልስፎ ይህን ችግር አቅልሎታል። ዛሬ ብዙ ትሮምቦኖች ያ ቱቦ አላቸው። ሁሉም ግን የላቸውም፤ ደራሲ የሚጽፍለት ሰው የያዘውን መሣሪያ ሳይጠይቅ ብዕር ባያነሣ ይሻላል።

የቴክኒኩ ጉዳይ በጥናት ይሸነፋል። ከዚያ የሚከብደው የባንዱ ጉዳይ ነው።

ለቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የሚጽፍ ሰው እንኳ ሶሎው እንዳይዋጥበት ይጨነቃል። ሆኖም የሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሠረቱ ክር ነው፤ ክር ደግሞ ሲፈለግ ከሹክሹክታ በታች መውረድ ይችላል። ትሮምቦን በዚያ ላይ ሲነሣ ቀለሙ ስለሚለይ ወዲያው ይታወቃል። የወታደር ባንድ ላይ ግን ሶሎው ከማን ተለይቶ ይታወቅ? ከኋላው ኮርኔቶች አሉ፣ ሆርኖች አሉ፣ ባሪቶኖችና ቱባዎች አሉ፣ ይባስ ብሎ ራሳቸው ትሮምቦኖች ተደርድረዋል። ነገሩ በነጭ ነጠላ ላይ ነጭ ጥለት መጥለፍ ነው። ጥለቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጨርቁ ካልሳሳለት አይታይም።

ስለዚህ ሶሎ የሚጽፍ ሰው ጭንቀቱ «ሶሎው ምን ይጫወት?» የሚለው ይመስለዋል። ሥራ ላይ ሲቀመጥ ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው «ባንዱ የቱ ጋ ይረፍ?» በሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ለደራሲ ቀላል አይደለም። ፊቱ ላይ ሃያ ሠላሳ መስመር ያለው ወረቀት ተዘርግቷል፣ እያንዳንዱ መስመር ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ተጫዋች ነው፤ ባዶ መስመር መተው ሰውን ሥራ ፈት ማድረግ ይመስላል። ጀማሪዎች ሲጽፉ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ የሚጫወተው፣ እንደኔ ግምት፣ በዚህ ሐፍረት ነው።

ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ይህን ትምህርት ያገኘው ተሸንፎም ጭምር ነው። በእነዚያው ዓመታት ለባንድ አጃቢነት የጻፋቸው የሶሎ ሥራዎች ሦስት ናቸው፦ የትሮምቦኑ ኮንቼርቶ፣ በሩሲያዊው ደራሲ በግሊንካ ዜማ ላይ የተመሠረተ የኦቦ ቫሪየሽን፣ እና ለክላሪኔት የተጻፈ የኮንሰርት ሥራ። የክላሪኔቱ በልምምድ ላይ ተሞከረ፤ አጃቢው ሲከብድ ሰማና ከፕሮግራሙ አወጣው። አቀናባሪነቱ በዓለም የተመሰከረለት፣ በኋላ ስለ ኦርኬስትራ አቀነባበር ትልቅ መጽሐፍ የጻፈ ሰው፣ ወረቀት ላይ ያላየውን ክብደት ያወቀው ባንዱ ሲነፋው ነው። ክላሪኔት ከናስ ጋር ሲሰለፍ የመዋጥ አደጋው ከፍተኛ ስለሆነ ስሕተቱ ቶሎ ታወቀ። ትሮምቦኑ ግን በገዛ ጉልበቱ ያመልጣል፤ በዚህ ምክንያት ደራሲው ክብደቱን ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል፣ ዕዳውን የሚከፍለው የነፊው ከንፈር ነው።

የትሮምቦኑ ኮንቼርቶ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ በሙሉ ሲጫወት አሥር ደቂቃ ያህል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ፈጣን ሲሆን መሠረቱ ቢ ፍላት ነው። ይህ በዘፈቀደ አልተመረጠም። የተዘጋ ትሮምቦን ቱቦ ያለ ልፋት የሚሰጠው ቢ ፍላትን ነው፤ የባንዱ ክላሪኔቶችና ኮርኔቶችም አብዛኞቹ በዚያው ቶን የተቃኙ ናቸው። ሁሉም ከቤቱ ይጀምራል ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ዝግተኛው ክፍል ላይ ግን ወደ ጂ ፍላት ሜጀር ይሄዳል፤ ስድስት ፍላት ያለበት ቁልፍ ነው። ለቫዮሊኖች ቢሆን ኖሮ ልቅሶ ነበር፤ ክፍት ክሮቻቸው አንዱም አያገለግላቸውም። የባንድ ሰው ግን ብዙም አይደነግጥም። በቢ ፍላት የተቃኘ ክላሪኔት ያንኑ ሙዚቃ የሚያነበው በአራት ፍላት ነው። ቱባውና ባሪቶኑም በፍላቶች መካከል ያደጉ ናቸው። ደራሲው በዚህ ምርጫ ትሮምቦኑን ከብሩሁ ቢ ፍላት አውጥቶ ለስለስ ወዳለ ቀለም ይወስደዋል፤ ለባንዱም ለጣት የማይመች ነገር አልሰጠም። እኔ ከሦስቱ ክፍሎች አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። ትሮምቦን የጩኸት መሣሪያ ነው ለሚል ሰው መልስ ከተፈለገ፣ እዚህ አለ፦ ዜማው እንደ ኦፔራ ዘፋኝ ረጅም መስመር ይይዛል፤ ከሥሩ ያሉት ደግሞ ቀለል ባለ እንቅስቃሴ ይደግፉታል እንጂ አይሻሙትም።

በዚህ ዝግተኛ ክፍል መጨረሻ ካዴንዛ አለ፤ በሰልፍ ምት በሚሄደው የመጨረሻው ክፍል ውስጥም ሌላ ይመጣል። ካዴንዛ ሁሉም ዝም ብሎ ሶሎው ብቻውን በነጻነት የሚጫወትበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው የነፊው ችሎታ መታያ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ለባንድ ሲጻፍ ግን ሌላም ጥቅም አለው፤ የጆሮን ሚዛን ያስተካክላል። አድማጩ ለጥቂት ቅጽበት ትሮምቦኑን ለብቻው ይሰማና ድምፁን ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ ባንዱ ተመልሶ ቢገባ እንኳ ጆሮው ያንን ድምፅ ተከትሎ ይሄዳል።

ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ እነዚህን ሥራዎች የጻፈበትን ምክንያት ሲናገር ሁለት ነገር ያነሣል። የመጀመሪያው፣ ባንዶቹ የሚጫወቱት የሶሎ ሙዚቃ ሁልጊዜ ያው የተሰለቸ ስለነበር አዲስ ነገር ለመስጠት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ራሱ የማያውቀውን የሶሎና የሙሉ ባንድ ቅብብሎሽ፣ የካዴንዛ አጻጻፍ ለመማር ነው። ኮንቼርቶው በ1878 በክሮንሽታት፣ የባልቲክ መርከበኞች ሰፈር በሆነችው የደሴት ከተማ፣ በባሕር ኃይሉ ጥምር ባንዶች ኮንሰርት ላይ ቀረበ፤ ነፊው ሊዮኖቭ የተባለ ትሮምቦኒስት ነበር። ነፊው ተጨበጨበለት። ደራሲው ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ የክሮንሽታት አድማጭ ገና በደራሲ ስም የማይጨነቅ ነበር ይላል፣ ቅር መሰኘቱን ሳይደብቅ። ሥራው ታትሞ ወደ ሌላው ዓለም የደረሰው ደራሲው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የትሮምቦን ተማሪ ከሆኑ ሳይነፉት አያልፉም።

ቅብብሎሽ ያልነው ነገር ከጌጥነቱ ይልቅ የሕክምና ጥቅሙ ይበልጣል። የናስ ነፊ ድምፅ የሚያወጣው ከንፈሩን በመሣሪያው አፍ ውስጥ አንቀጥቅጦ ነው። የከንፈር ጡንቻ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከፍ ባለ ድምፅ ላይ ሲቆይ ደሙ ይሸሻል፣ ያብጣል፣ መታዘዝ ያቆማል። ዘፋኝ ቢደክመው ድምፁ ይጎረንናል እንጂ ይወጣል፤ ነፊ ከንፈሩ ከዛለ ጭራሹን የተበጣጠሰ አየር ብቻ ይቀራል። መድኃኒቱ እረፍት ነው፤ አራት ባር፣ ስምንት ባር፣ መሣሪያው ከአፍ የሚወርድበት ጊዜ። ባንዱ ያን ጊዜ ገብቶ ዜማውን ይቀበላል፣ እንደልቡም ይጮኻል። ስለዚህ ባንዱ የሚጮኽበትና ሶሎው የሚያርፍበት ቦታ አንድ ነው። የሁለቱ ጥያቄ መልስ ተገጣጠመ ማለት ነው፤ በዚህ ዓይነት ሙዚቃ ውስጥ ከማደንቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ተማሪዎች በፈተና ላይ በፒያኖ አጃቢነት ሲጫወቱ ጊዜ ለመቆጠብ እነዚያን የባንድ ክፍሎች ይቆርጧቸዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ለምን እንደተንገዳገዱ ይገርማቸዋል።

ደራሲውና ነፊው አንድ ሰው ሲሆኑ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አሜሪካዊው አርተር ፕራየር በ1892 በጆን ፊሊፕ ሱዛ ባንድ ውስጥ ገብቶ የትሮምቦን ሶሊስት ሆነ፤ በአንድ የስኮትላንድ የሕዝብ ዜማ ላይ የሠራው ቫሪየሽንም እስከ ዛሬ የትሮምቦን ነፊዎች መፈተኛ ነው። ዜማው ቀድሞ በቀላሉ ይቀርባል፤ ከዚያ በየዙሩ እየረቀቀና እየፈጠነ ይሄዳል። ባንዱ እዚህ ላይ «ኡም-ፓ» ከማለት ያለፈ ብዙ አይሠራም፤ ፕራየርም ከባንዱ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። እጁ ምን እንደሚችል ያውቃል፣ የሚጽፈውም ለዚያ እጅ ነው። ሙዚቃው ከሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ሥራ የሳሳ ነው ብል ብዙ ሰው አይቃወመኝም፤ ለነፊው ክንድ ግን ይበልጥ የተመቸ ነው።

የእንግሊዝ የናስ ባንድ ደግሞ ፈተናውን እስከ መጨረሻው ያከርረዋል። እዚያ ክላሪኔት የለም፣ ዋሽንት የለም። የተለመደው አደረጃጀት አሥር ኮርኔት፣ አንድ ፍሉገልሆርን፣ ሦስት ቴነር ሆርን፣ ሁለት ባሪቶን፣ ሁለት ዩፎኒየም፣ ሦስት ትሮምቦንና አራት ባስ፣ በድምሩ 25 የናስ ነፊ ከከበሮ ክፍል ጋር ነው። ኤድዋርድ ግሬግሰን በ1976 ለቱባ ኮንቼርቶ የጻፈው ለእንዲህ ያለው ባንድ ነው፤ ያዘዘው በማንቸስተር አካባቢ ያለው ቤሴስ ኦ ዝ ባርን ባንድ ሲሆን፣ የተጻፈለት ሶሊስት የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራው ጆን ፍሌቸር ነበር። ቱባ ከናስ ቤተሰብ ዝቅተኛው ነው፤ አራት ባሶች ከኋላው ቆመው ሶሎ እንዲሆን ማድረግ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ገምቱ። መፍትሔው የሚገኘው በከፍታ ልዩነት ነው። ቱባው ከታችና ከመካከል ሲዘምር አጃቢው ወደ ላይ ይወጣል፤ ኮርኔቶች በማፈኛ ታፍነው በአጫጭር ድምፆች ይነካኩታል፣ ባሶቹም ብዙውን ጊዜ መንገድ ይለቃሉ። ግሬግሰን በኋላ ይህንኑ ሥራ በ1978 ለኦርኬስትራ፣ በ1984 ደግሞ ለእንጨትና ለናስ ባንድ አዘጋጀው። ሦስቱን እያስተያየ የሚያደምጥ ሰው፣ አንድ የሶሎ መስመር ሳይለወጥ አጃቢው ብቻ ምን ያህል ሊለዋወጥ እንደሚችል ይማራል።

የናስ ባንድ ወደ አገራችን የመጣውም በከፊል ከዚያው ከሩሲያ በኩል ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎችን ልኮ ነበር። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን አርባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ሥራውን አሰፉት፤ ቀጥለው የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች መጡ። በእነዚህ ባንዶች ውስጥ ትሮምቦንና ትራምፔት ከሰልፍ በኋላ ዋና ሥራቸው ዘፋኝ ማጀብ ሆነ። ዘፋኙ ሲያርፍ ይገባሉ፣ ሲመለስ ይወጣሉ። ባንድ ሶሎን እንዴት እንደሚያስቀድም የሚያውቁት እነዚህ አጃቢዎች ናቸው፤ የጎደለው የዘፋኙን ቦታ ለትሮምቦኑ ራሱ መስጠት ነው።

እስቲ አንድ ደራሲ ይህን ሊያደርግ ተነሣ እንበል። ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ከቢ ፍላት ቢጀምርለት፣ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ ይሆናል። በመካከለኛው ክልል ከእነዚህ ውስጥ ቢ ፍላት፣ ዲና ኤፍ ሦስቱም ስላይዱ ተዘግቶ ይገኛሉ፤ ሲ በሦስተኛው ቦታ ነው፣ ከፍተኛው ጂ በሁለተኛው። ክንዱ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ዜማው ይወጣል። ችግሩ መመቸቱ ነው፦ በእነዚህ ቦታዎች ከዲ ወደ ኤፍ በስላይድ መንሸራተት አይቻልም፣ ከንፈር ብቻ ይዘላል፤ የዘፋኙ ጉሮሮ የሚያመጣው ልስላሴም ይቀራል።

አንቺ ሆዬ ወደሚባለው ቅኝት ሲመጣ መነሻው ይበልጥ ይወስናል። ከዝቅተኛው ቢ ፍላት ቢጀመር ቀጣዩ ድምፅ ግማሽ ቶን ከፍ ያለው ቢ ነው፤ ያ ቀደም ብለን ያየነው የግማሽ ሜትር ጉዞ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ያጋጥማል። አንድ ቶን ከፍ አድርጎ ከሲ ቢጀምረው ግን ቅኝቱ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ይሆናል፤ ሲ በስድስተኛው ቦታ፣ ዲ ፍላት በአምስተኛው። ኤፍ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቦታ ይነፋል፣ ነገር ግን በስድስተኛውም ይገኛል፤ ጂ ፍላት በአምስተኛው ነው። ኤም ቢሆን ስላይዱን ጥቂት ሰብሰብ አድርጎ በስድስተኛው ማግኘት ይቻላል። አምስቱም ድምፆች በሁለት ጎረቤት ቦታዎች መካከል ሰፈሩ። የቅኝቱ ሁለት ጠባብ እርምጃዎች፣ ከሲ ወደ ዲ ፍላትና ከኤፍ ወደ ጂ ፍላት፣ በአሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ የክንድ ጉዞ እየተንሸራተቱ ይወጣሉ። ዘፋኝ በጉሮሮው የሚያርገበግበውን ነፊው በእጅ አንጓው ያርገበግበዋል፤ ፒስተን ያለው ትራምፔት እንዲህ ሊያደርገው አይችልም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ባንዱ ነው። ድምፆቹ ያሉት በባሪቶኖቹና በትሮምቦኖቹ ክልል መካከል ስለሆነ እነሱ እዚህ ቦታ ላይ ዝም ይላሉ። ክላሪኔቶች ከአንድ ኦክታቭ በላይ ወጥተው አንድ ረጅም ሲ ቢይዙ ይበቃል፤ ኮርድ አያስፈልግም፣ ቅኝቱን ያጠብበዋል። ከበሮውም ነፊው የመጀመሪያውን ሐረግ ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ይግባ።